የኔታ ያዳመጡት ኮምፒዩተር

በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ግርጌ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ አባቴ ካረፈ ጀምሮ ያሳደጉኝንና ፊደል ያስቈጠሩኝን አጎቴን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው እኔም የኔታ እያልሁ የምጠራቸውን አረጋዊ፣ ድጓቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ እንዲያሰሙኝና ድምፃቸውን በኮምፒዩተር ቀድቼ እንዳስቀር ይፈቅዱልኝ ዘንድ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ለመንኋቸው። የዐይናቸው ብርሃን በሞራ ተጋርዶ ከብራና ጋራ ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ሆኖም በጕልምስናቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጠው ያስመሰከሩት ድጓ ከነምልክቱ በልባቸው ሰሌዳ ተጽፎ ስለ ነበረ፣ የመጽሐፉ መሰወር ዜማውን አልሰወረባቸውም። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይመልሱልኝ ቈዩና በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ከእራት በኋላ እጃቸውን ሳስታጥባቸው፣ «ዮሐንስ ይባትና እንጀምራለን፤ ድጓውስ የሚጀምረው ከዚያው አይደል» አሉኝ። እኔም ሥራው ያለቀ ያህል ደስ አለኝ፤ በእኔና በዜማው መካከል የሚቆመው መሰናክል፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሁልጊዜ ሲያጉረመርም የኖረው ዕቃ መሆኑን ገና አልተገነዘብሁም ነበርና።

ኮምፒዩተሩ ከውጭ አገር አገልግሎት ላይ ውሎ የመጣ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ቁመተ ረጅም ሳጥን ነበር። ቀን በአንድ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ፣ ማታ ደግሞ በቤቴ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየብሁ ካጠራቀምሁት ገንዘብ የገዛሁት ስለ ሆነ፣ ከአልጋዬ ቀጥሎ በቤቱ ውስጥ የእኔ የምለው ንብረት እርሱ ብቻ ነበር። በሆዱ ውስጥ የሚሽከረከሩ ነገሮች አራት ናቸው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩን የሚያበርደው ማራገቢያ፣ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የተቀበረው ማራገቢያ፣ የሞቀውን አየር ከሳጥኑ በስተኋላ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ሦስተኛው ማራገቢያ፣ እንዲሁም በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞረው ሃርድ ዲስክ ነው። አራቱ በአንድነት ሲነሡ፣ ከወንዝ ማዶ የሚፈጭ የእህል ወፍጮ ይመስሉ ነበር፤ ለጽሕፈት ብቻ ሳውለው ግን ጆሮዬ ስለ ለመደው፣ ያን ሁሉ ድምፅ እንደ ጸጥታ ቈጥሬው ኖሬአለሁ።

የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው መቋሚያቸውን ይዘው ከማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ፤ ሃያ ደቂቃ ያህልም ሳያርፉ አዜሙ። የተቀዳውን መልሼ ባሰማኋቸው ጊዜ ግን ድምፃቸው በወፍራም ጉርምርምታ ተከብቦ፣ ከፍ ሲል ጥቂት ብቅ እያለ፣ ዝቅ ሲል ፈጽሞ እየሰጠመ፣ የሞላ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ሆኖ ተሰማ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ከእኔ ጋራ የሚያዜመው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ኮምፒዩተሩ መሆኑን ስነግራቸውም «ታዲያ እርሱ ከእኔ ይልቅ ቀርቦ ነው የቆመው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ማይክሮፎኑንም ሳጥኑንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬአቸው ነበርና።

ኦዳሲቲ በሚባለው፣ ያለ ዋጋ በሚገኘው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሦስት ሌሊት ታገልሁ። ፕሮግራሙ ማንም ካልተናገረበት የቅጂው ክፍል የጉርምርምታውን ጠባይ ያጠናና ያንኑ ከጠቅላላው ቅጂ ላይ ለመቀነስ ይሞክራል፤ ነገር ግን በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራልና፣ ከእርሱ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ የሚያርፈው በዚያው በ120 ኸርዝ ላይ ነው፤ የወንድ ድምፅ ረጋ ብሎ ሲወጣ የሚመላለሰውም በዚሁ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንክርዳዱን እነቅላለሁ ሲል ስንዴውንም አብሮ የሚነቅል ሆነ፤ የቀረውም ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ቃጭል የሚንቃጨል ሆኖ ተገኘ። የኔታ ያንን ሲሰሙ ፊታቸውን አዙረው «ይህስ የእኔ ድምፅ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ነው» አሉና፣ ዳግመኛ እንዳላሰማቸው ከለከሉኝ።

የመስቀል ሰሞን አንድ ማታ፣ ሁለታችንም ተስፋችን ደክሞ ሳለ ለሙከራ ያህል ሲያዜሙ መብራት ሄደ። ማራገቢያዎቹ እየዘገሙ፣ ድምፃቸውም እየወፈረ ወርዶ ወርዶ ጠፋ። ለየኔታ የመብራት መሄድና መምጣት ልዩነት ስላልነበረው ዜማቸውን አላቋረጡም፤ እኔም በጨለማው ውስጥ እጄን በጠረጴዛው ላይ እንደ ዘረጋሁ ደርቄ ቀረሁ። በልጅነቴ በደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጬ ከሰማሁት ወዲህ ረስቼው የነበረው ሁሉ ተመለሰልኝ፤ ድፋቱ ሲደፋ፣ ሂደቱ ሲሄድ፣ ርክርኩ በጕሮሯቸው ውስጥ እንደ ተቈጠረ ዶቃ አንድ በአንድ ሲወርድ፣ የመቋሚያውም ጫፍ ወለሉን ሲነካ፣ ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበው የመጨረሻው የክረምት ውኃ ሳይቀር እየተለየ ይሰማኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ዜማዎች ሁሉ ያን የሚያህል አላውቅም፤ የቀዳሁትም አንዲት ቃል የለችም።

በማግሥቱ ያደረግሁት የችኮላ ሥራ ነበር። ሳጥኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከጠረጴዛው ሥር ከተትሁት፤ ለዐሥር ደቂቃም ያህል እውነተኛ የሚመስል ዝምታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ከቀድሞው ይልቅ እየጮኸ ሄደና፣ በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ራሱን አጠፋ፤ የኔታ ግማሽ ሰዓት የደከሙበትም ዜማ ገና ወደ ዲስኩ አልተመዘገበም ነበርና አብሮ ጠፋ። ይህን ለእርሳቸው ስነግራቸው የተሰማኝ ኀፍረት ዛሬም አይረሳኝም። በዚያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር፣ ጩኸት የሚወለደው ከሙቀት መሆኑ ነው። የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር፣ የእኔው ባለ 2.8 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4፣ ወደ 70 ዋት የሚጠጋ ሙቀት፣ ማለትም ከባለ 60 ሻማ አምፖል የሚበልጥ ግለት፣ የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል ቁራጭ ላይ ያፈልቃል፤ ያን ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በጠረፍ ከተማ በዝግታ ዞሮ የሚያበርደው ማራገቢያ፣ እዚህ ያንኑ ለማድረግ በርትቶ መዞር አለበት። እኔ ግን ይህን የሳሳ አየር ጨርሶ በብርድ ልብስ ዘጋሁበት።

የኔታ አልተቈጡም። «ክፈተውና ልስማው» ብቻ አሉኝ።

የሳጥኑን ጎን ፈትቼ፣ በርጩማቸውን አስጠግቼ አስቀመጥኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሩብ ሰዓት ያህል ጆሯቸውን ሰጥተው ቈዩ፤ ከዚያም እኔ ስለ ውስጡ አንዳች ሳልነግራቸው «በዚህ ውስጥ ያለው ድምፅ አንድ አይደለም፤ አራት ነው» አሉ። አንደኛው ከታች የሚወጣ፣ በደረት የሚባል ዐይነት ወፍራም፣ ሳይነሣና ሳይወድቅ ይዞ የሚቆም ነው፤ ሁለተኛው አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ፣ ምስጥ እንጨት ሲበላ የሚመስል ርክርክ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግን «ሊገጥሙ ፈልገው ያልገጠሙ» ናቸው፤ የቀኝና የግራ መዘምራን አንዱ ከሌላው በጥቂት ሲበልጥ በመካከላቸው እንደሚነሣው ማዕበል፣ እነዚህም እያበጡ እየከሰሙ ይሄዳሉ አሉኝ። አንደኛው የዲስኩ መዞር፣ ሁለተኛው የዲስኩ ክንድ ጽሑፍ ፍለጋ ሲመላለስ የሚያሰማው፣ የቀሩት ሁለቱ የኋላውና የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያዎች ነበሩ። ነገሩን ከጊዜ በኋላ በቍጥር አስልቼ አይቼዋለሁ፦ ሰባት ክንፍ ያለው ማራገቢያ በደቂቃ 2400 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 40 ጊዜ ይዞራል፤ ሰባቱ ክንፎች ተራ በተራ አየሩን ሲቈርጡትም 280 ምት ይሆናል፤ ጎረቤቱ 281 ቢመታ፣ የሁለቱ ልዩነት በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ የሚነሣና የሚወድቅ ማዕበል ሆኖ ይሰማል። ጆሮ በአንድ ወጥ ድምፅ ይለመዳል፤ እያበጠ በሚከስም ድምፅ ግን አይለመድም፤ ያ ነበር በቅጂው ላይ ከሁሉ ይልቅ ሰላም የነሣኝ።

ከዚያም መዳፋቸውን በሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፉ፤ ጉርምርምታውም በዚያው ቅጽበት ሲቀንስ ሁለታችንም ሰማን። «እነዚያስ ቃሉን ሰጪዎች ናቸው፤ የሚያዜመው ይህ ቆርቆሮ ነው» አሉ፤ የከበሮውን ድምፅ የሚያሰፋው ቆዳው ብቻ ሳይሆን ግንዱም እንደ ሆነ አስረዱኝ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንቱ ሲተርኩ ሰምቼ አደንቅ ነበር፤ በዚያች ማታ ግን ከምልክቱ በፊት የነበረውን ነገር፣ ተደባልቆ የሚመጣውን ድምፅ ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ስም የሚሰጠውን ጆሮ፣ በዐይኔ ያየሁ ያህል ሆነልኝ። እኔ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጩኸቱን እንደ አንድ ጠላት ስዋጋው ነበር፤ እርሳቸው በሩብ ሰዓት አራት አድርገው አካፈሉት።

ከዚህ በኋላ የነበረውን ሥራ የሠራነው በሰፈራችን ራዲዮና ቴፕ ከሚጠግኑ አንድ ጋሼ ጋራ ነው። እርሳቸው ኮምፒዩተር ነክተው ባያውቁም ሞተርና ሽቦ ግን ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ከነሥሩ ነቀልነው፤ ከሥሩ ባሉት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች መካከልም እንደ ተዳመጠ ባና የጠነከረ ነጭ ድርብ አገኘን። ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር ናት፤ ከጎረቤቶቻችን የሸማ ዕቃ የሚነሣው የጥጥ ብናኝ በመስኮት እየገባ፣ በማራገቢያው እየተሳበ፣ ከዓመት እስከ ዓመት በዚያ ተኝቶ ኖሯል። ጋሼ በቀለም ብሩሽና በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቀው ሲያወጡት የአንዲት ትንሽ ቆብ ያህል ሆነ። በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ያለው ነጭ ቅባትም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ስለ ነበረ፣ ጠርገን አዲስ ቀባንበት። መልሰን ባስነሣነው ጊዜ፣ ቀድሞ 71 ዲግሪ የነበረው ሙቀት 56 ላይ ቆመ፤ የፕሮሰሰሩም ማራገቢያ ማንም ሳያዝዘው በገዛ ራሱ ዝግ አለ።

የኋላውን ማራገቢያ ድምፅ የቀነስንበት መንገድ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ነው። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ማራገቢያው በቢጫውና በጥቁሩ መካከል መታሰሩ ቀርቶ በቢጫውና በቀዩ መካከል ቢታሰር የሚያገኘው የሁለቱን ልዩነት፣ 7 ቮልትን ብቻ ነው። ጋሼ ይህን በጣታቸው ቈጥረው ካስረዱኝ በኋላ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጠው በየዱት፤ ማራገቢያው ለመነሣት አንድ አፍታ አመነታና ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ፍጥነቱ በግማሽ የቀነሰ ማራገቢያ የሚያመላልሰው አየር በግማሽ ብቻ ሲቀንስ፣ ድምፁ ግን 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል የወረደውን ድምፅ በግማሽ እንደ ቀነሰ አድርጎ ይሰማዋል። በአየር ረገድ ጥቂት ከፍለን በጸጥታ ረገድ ብዙ አተረፍን፤ ከጎረቤቱም ጋራ ፈጽሞ ስለ ተራራቀ ያ ማዕበል ጠፋ። በፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ እምብርት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንሥተውም የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጣል አደረጉበት፤ ፉጨቱም በረደ።

ዲስኩ ቀረ። እርሱን ማዘግየት አይቻልም፤ ከቆርቆሮው ጋራ ያለውን ዝምድና ማቋረጥ ግን ይቻላል። በአራት ብሎን ተወጥሮ ከሳጥኑ ጋራ ታስሮ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱን መርገብገቡን ለቆርቆሮው ያወርስ ነበር። ከብስክሌት ጎማ የወጣ ውስጠኛ ላስቲክ በቀጭን በቀጭኑ ቈርጠን፣ ለሲዲ ማጫወቻ በተተወው ሰፊ ባዶ ቦታ ግራና ቀኝ ወጥረን፣ ዲስኩን በመካከሉ እንደ ሕፃን በአንቀልባ አንጠለጠልነው። በሳጥኑ ጎኖች ውስጥ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አጣብቀን፣ ከእግሮቹም ሥር ስፖንጅ አነጠፍን፤ ከማይክሮፎኑም አርቀን ከክፍሉ ጥግ አስቀመጥነው። ሥራው ሲያልቅ ጋሼ ምን ያህል ልክፈል ብላቸው «የየኔታን ድምፅ በካሴት ገልብጠህ አምጣልኝ» ብቻ አሉኝ።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ የሸማኔው መወርወሪያ ከግድግዳው ማዶ ሲመላለስ ሰማሁ። ይህ ድምፅ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበረ። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ሥራቸውን እስኪያቆሙ ድረስ እየጠበቅን፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ መቅዳት ጀመርን፤ ግዕዙ፣ ዕዝሉና አራራዩ እያንዳንዱ በገዛ መልኩ፣ ዝቅታውም ሳይሰጥም፣ በንጽሕና ይገባ ጀመር። የኔታም የተቀዳውን ሲያዳምጡ ዝም ማለትን ትተው፣ «እዚህ ላይ ቅናቱን ሳትኩት፤ ደግመን እንቅዳው» እያሉ ራሳቸውን ያርሙ ነበር፤ ይህን ያህል ጥርት ብሎ ይሰማቸው ነበርና።

በኅዳር መጨረሻ ገደማ፣ በጸጥታው ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። በየሐረጉ መጨረሻ፣ የኔታ እስትንፋስ በሚወስዱበት ቅጽበት፣ እንደ ደረቀ የማራገቢያ እምብርት ያለ ድምፅ ይመጣና ይጠፋል። ከማራገቢያዎቹ የአንዱ እምብርት የደረቀ መስሎኝ በማግሥቱ ሳጥኑን ከፈትሁ፤ የኋላውን ማራገቢያ በጣቴ ይዤ አቆምሁት፤ ፉጨቱ ግን በቅጂው ላይ እንደ ነበረ ነው። ዲስኩን አዳመጥሁ፤ ላስቲኩን አጠበቅሁ። በመጨረሻም ማታ የኔታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ኮምፒዩተሩን ጨርሼ አጠፋሁትና ባዶውን ቤት ማዳመጥ ያዝሁ። ፉጨቱ አልቆመም። የሚመጣው ከየኔታ ደረት ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው፤ ልባቸው ደክሞ በሳንባቸው ውኃ መቋጠር እንደ ጀመረ ተነገረን፤ ኪኒንም ታዘዘላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ እጄን ይዘው «አውቄዋለሁ፤ ዝም ያልሁህ ሥራው እንዳይቋረጥ ነው» አሉኝ። እኔ ስለ አንድ ቆርቆሮ ሳጥን እስትንፋስ ሁለት ወር ስጨነቅ፣ በዚያው ክፍል፣ ከዚያው ማይክሮፎን ፊት የሚደክመውን እስትንፋስ ሳልሰማው መቅረቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ሐዘኔንም የሚያቀልልኝ ነገር ካለ፣ ጸጥታው ባይመጣ ኖሮ ከዚያም በኋላ እንደማልሰማው ማወቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በማታ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልቀዳንም። የዮሐንስን ጨረስን፤ አስተምህሮውንም ጨረስን፤ ዐቢይ ጾም ሲገባም ጾመ ድጓውን ጀመርን። ዘወረደን፣ ቅድስትን፣ ምኵራብን ቀዱልኝ። መፃጉዕንም ቀዱ። ደብረ ዘይትን ሳይጀምሩ፣ በመጋቢት አጋማሽ፣ ሌሊት በእንቅልፋቸው ሳሉ ዐረፉ።

ያ ኮምፒዩተር ከሠራ ብዙ ዓመት አለፈው። ቅጂዎቹ ዛሬ ያሉት የሚዞር ነገር በሌለው፣ ሲሠራም ድምፅ በማያሰማ በእጅ መዳፍ በሚያዝ ዲስክ ላይ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ደቀ መዝሙር ሁሉም እገለብጥለታለሁ። የመጨረሻው ቅጂ ሲያልቅ፣ ከዜማው ቁርጥ በኋላ የኔታ «በቃኝ፤ አጥፋው» ሲሉ ይሰማል። እኔ ግን ማቆሚያውን ወዲያው አላገኘሁትም። በዚያ በቀረው ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ውስጥ መቋሚያው ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም፣ በርጩማው ሲንቋቋ፣ ያ ቀጭን ፉጨትም ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ይሰማል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይሰማም።